አርባ ሁለት ታንኳ

ሸዋዬ ጋሽ ሙሀመድየሱፍን ያሳሰረቻቸው በመልካም ዜና ነው። ክፉ ልታወራባቸው አስባ አታውቅም። ባሕር ዳር ከገባች ወዲህ ከአባቷ ቀጥላ የምታከብረው ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ። ነገሩ የሆነው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር መጨረሻ ነው።

አባቷ ደሞዝ ከድሬዳዋ ተዛውሮ የመጣ የፋብሪካ መካኒክ ነው። እሷ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። በትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ዜና ክፍል የሚባል ነበር፤ ስምንት ተማሪ፣ አንድ ቴፕ፣ አንድ ማይክሮፎን። ዜናቸው በግቢው ውስጥ አይቀርም። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲደምቅ፣ አደባባዩ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ለከተማው ይሰማል። ስለዚህ የልጆች ጨዋታ አልነበረም።

ክፍሉን የሚመሩት መምህር ወልደ ሐዋርያት ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ራዲዮ ጣቢያ ሠርተዋል ይባላል። ለምን እንደለቀቁ አይናገሩም፤ የሚጠይቃቸውም የለም። ጥቅምት ላይ ተማሪዎቹን ሰብስበው መስክ አከፋፈሉ። መስክ የሚሉት አንድ ዘጋቢ የራሱ አድርጎ የሚይዘውን፣ ዕለት ዕለት የሚመላለስበትን ቦታ ነው። ለአንዱ ፋብሪካውን፣ ለአንዱ ሆስፒታሉን፣ ለአንዱ ገበያውን ሰጡ። ሸዋዬ ዘንድ ሲደርሱ ጥቂት አሰቡና፣

«ሐይቅ ዳር» አሉ።

ክፍሉ ሳቀ።

«ዓሣውን ቃለ መጠይቅ ልታደርጊው ነው?» አላት አንዱ ከኋላ።

«ጉማሬውን ነው እንጂ፤ ዓሣ መች ይናገራል» አለ ሌላው።

መምህሩ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። «መስክ ባንድ ቀን አይያዝም» አሉ። «በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ቦታ ትቀመጫለሽ። የመጀመሪያውን ሳምንት ደብተር እንዳታወጪ። ሰው ደብተር ሲያይ አፉን ይዘጋል። ስም አጥኚ። ማን መቼ መጣ፣ መቼ ሄደ፣ ማን ከማን ጋር ተኳረፈ። ከዚያ ዜናው ራሱ ፈልጎ ይመጣልሻል።»

ሸዋዬ የተባለችውን አደረገች። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ወጥታ ታንኳ ሠሪዎቹ ካሉበት ዳርቻ ወርዳ አንድ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። የታጨደው ደንገል፣ ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ቄጠማ፣ መሬት ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ሠሪው የደረቀውን ደንገል ይነባብርና፣ በእግሩ ረግጦ፣ በልጥ ጠፍንጎ ያስረዋል። የሚያናግራት አልነበረም። ስትመጣ ያወሩ የነበሩት ዝም ይላሉ። ስትሄድ ከኋላዋ እንደገና ሲጀምሩ ትሰማለች።

በስምንተኛው ቀን፣ ከሁሉም ጠርዝ ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

«የደሞዝ ልጅ ነኝ። የፋብሪካው መካኒክ።»

«ምን ጠፍቶብሽ ነው በየቀኑ እዚህ የምትቀመጪው?»

«ዜና እየፈለግኩ ነው። ተማሪ ዘጋቢ ነኝ።»

«ዜና!» አሉ። «እኔ ስልሳ ዓመት እዚሁ ስቀመጥ አንድም አላገኘሁ። ካገኘሽ ለእኔም ንገሪኝ።»

ከሐይቁ እርጥብ ደንገል ተሸክማ የወጣች ልጅ ሸክሟን ጥላ ሳቀች። ከሸዋዬ በሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው። «አባባ፣ እኔኮ ካድሬ መስላኝ ሳምንት ሙሉ ምራቄን ስውጥ ከረምሁ!»

«ካድሬ እንዲህ ይከሳል?» አሉ ሽማግሌው።

ጋሽ ሙሀመድየሱፍ እሳቸው ናቸው። ልጅቱ ጀሊላ ትባላለች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአባቷ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳርቻው ለሸዋዬ ተከፈተ። እሳቸው ካናገሯት በኋላ ሌላውም አናገራት። መረብ የሚጠግኑትን በስም አወቀች። ዓሣ የምትዘለዝለው ሴት ባሏን ለምን እንደማታናግር አወቀች። ደብተሯንም አወጣች። ማንንም አልከፋውም።

ዜናው ግን አልመጣም። ሦስት ጊዜ ጽፋ ወሰደች፤ ሦስት ጊዜ መምህር ወልደ ሐዋርያት በቀይ እስክሪብቶ ሠረዙባት።

«ሐይቁ ሞላ። ዓሣ ተያዘ። ታንኳ ተሠራ። ይኼ ለዘመድ የሚጻፍ ደብዳቤ ነው። ቁጥሩ የታለ? አምና ስንት ነበር? ዘንድሮ ስንት ሆነ? ያለ ቁጥር ከላይ የሚያሳልፉልን ዜና የለም። እኔ አይደለሁም የምልሽ፤ ራዲዮኑን ክፈችና ስሚ።»

እውነታቸውን ነበር። በዚያ ዘመን ዜና ሁሉ ኩንታል ነበር፣ ሄክታር ነበር፣ ከመቶ ይህን ያህል ነበር። ሸዋዬም መቁጠር ጀመረች። ጋሽ ሙሀመድየሱፍ ስንት አዲስ ታንኳ እንደጨረሱ በየቀኑ ትጽፋለች። ኅዳር ላይ ዘጠኝ። ታኅሣሥ አሥራ አራት። ጥር አሥራ ዘጠኝ። ሦስቱን ወር ስትደምር አርባ ሁለት ሆነ። አምና በእነዚያው ወራት ስንት እንደነበረ ጀሊላን ጠየቀቻት።

«እንጃ፣ አሥራ ሁለት ቢሆን ነው። ምነው?»

«እንዲሁ ነው።»

አንድ ሌላ ነገርም ጽፋ ነበር። ታንኳ ውሃ ስለሚጠጣ ማታ ማታ ከሐይቁ ይወጣል፤ ዛፍ ላይ ተደግፎ ሲደርቅ ያድራል። ከዳርቻው ስትነሣ የተደገፉትን ትቆጥር ነበር። ጥቅምት ላይ ዘጠኝ ነበሩ። ጥር ላይም ዘጠኝ ነበሩ። ሁለቱ ቁጥሮች በደብተሯ ፊትና ጀርባ ሆነው ሲቀመጡ አንዱን ከሌላው ጋር አላገናኘችም። ጎበዝ ቆጣሪ ነበረች፤ አእምሮዋ ግን ቅዳሜ ላይ ነበር።

በጥር አጋማሽ አንድ ቀን የትምህርት ቤቷ ልጅ ቢያዝን ወደ ዳርቻው መጣ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ በግቢው ሲያስቅ የሚውል ልጅ ነው። ጀርባው ላይ ጆንያ ነበረው። ጋሽ ሙሀመድየሱፍ ምንም ሳይናገሩ መቅዘፊያ ሰጡት።

«ወዴት ነው?» አለችው ሸዋዬ።

«አክስቴ ዘጌ ናት። ታማለች።» ታንኳው ላይ ተቀምጦ ሳቀ። «ዜና እንዳታደርጊኝ ደግሞ።»

ከማግሥቱ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ቀረ። የታመመች አክስት ዘንድ ሰው ሰንበት ይላል ብላ አለፈችው።

ሐሙስ ዕለት ጽሑፏ አለፈ። መምህር ወልደ ሐዋርያት ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አንድ ቃልም አልሠረዙም፤ «በአብዮታዊ ወኔ» የምትለዋን ብቻ ጨመሩ። «ራስሽ ታነቢዋለሽ» አሏት። እየሮጠች ወደ ዳርቻው ወረደች።

«ጋሽ ሙሀመድየሱፍ! ቅዳሜ ስምዎ በድምፅ ማጉያ ይነበባል።»

እጃቸው ልጡ ላይ ቆመ። «ምን ተብሎ?»

«ጠንካራ ሠራተኛ ተብሎ ነዋ! አምና አሥራ ሁለት ታንኳ፣ ዘንድሮ አርባ ሁለት።»

«ተይው ልጄ። የእኔ ስም ምን ያደርጋል?»

«እንዴት! ይገባዎታል እንጂ።»

«አይሆንም። መረብ ጣዮቹን ጻፊያቸው። እነሱ ደስ ይላቸዋል።»

ሸዋዬ ፈገግ አለች። በቤቷ የለመደችው እንዲህ ነው። የተከበረ ሰው ብላ ሲሉት በአንድ አፍ አይበላም። «በቃኝ» ይላል፣ «ቅድም በልቻለሁ» ይላል። እሱ ይሉኝታ ነው። አቅራቢው እስኪያስምል ድረስ መለመን አለበት፤ ካልለመነ ንፉግ እሱ ነው። ምስጋናም እንደ እንጀራው መስሏት፣

«በሞቴ!» አለች። «እኔ ልሙት፣ እሺ ይበሉኝ።»

«ቁጥሩንስ ባትጠሪው?»

«ያለ ቁጥርማ ዜና አይሆንም፣ ጋሼ።»

ጀሊላን አዩዋት። ጀሊላ ቀና አላለችም፤ ደንገሉ ላይ እንዳጎነበሰች ቀረች። ሽማግሌው የጀመሩትን ልጥ አጥብቀው ቋጠሩ። ከዚያ «እሺ። እንዳልሽ» አሉ። ሸዋዬ እጃቸውን ስማ ሄደች።

ቅዳሜ አነበበች። ድምፅዋ በገበያው ላይ ሲያልፍ በርበሬ የሚሰፍረው እጁን አቆመ። አባቷ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ መጥቶ፣ ቆቡን አውልቆ ከድምፅ ማጉያው ሥር ቆሞ ነበር። «ያቺ ልጄ ናት» ይል ነበር ላጠገቡ ሰው ሁሉ።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳርቻው ጭር ብሎ አገኘችው። ጀሊላ ብቻ ነበረች። መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ደንገል አልያዘችም።

«አባትሽስ?»

«ትናንት ወሰዷቸው።»

«ማን?»

«ሁለት ከቀበሌ፣ ሁለት ወታደር።»

«ምን አድርገው?»

«ምንም። አንድ ነገር ጠየቋቸው። አርባ ሁለት ታንኳ የት ሄደ?» ጀሊላ እጇን ወደ ዛፎቹ ዘረጋች። «ያለው ዘጠኝ ነው። ቁጠሪው። መቼም መቁጠር ታውቂበታለሽ።»

ሸዋዬ ዛፎቹን አየች። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባት። በዚያ ዓመት ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈስ ነበር። የዓባይ ድልድይ ላይ ፍተሻ አለ። የሞተር ጀልባው ወደብ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። ታንኳ ግን ማንም አይጠይቀውም። እንደ ቢያዝን ያሉት ልጆች እየቀዘፉ ወደ ማዶ ይሻገራሉ፤ ታንኳውን እዚያው ጥለው ወደየቆላው ይገባሉ። ታንኳ ወጥቶ አይመለስም፤ ስለዚህ ሌላ ይሠራል። ሽማግሌው ሊነግሯት አይችሉም ነበር። ቢነግሯት እሷም እያወቀች ደብቃለች ተብላ ትጠየቃለች። «ተይው ልጄ» ብለው ሦስት ጊዜ ለመኗት።

«ይሉኝታ መስሎኝ ነው» አለች።

ጀሊላ ተነሥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

መምህር ወልደ ሐዋርያት ሲሰሙ በሩን ዘጉ። «ጽሑፉ ያንቺ ነው» አሉ መጀመሪያ። ቀጥለው ዝቅ ብለው፣ «ደብተርሽ የት ነው? ማን እንደገዛ ጽፈሻል?»

«አንዳንዱን።»

«ዛሬውኑ አጥፊው። እኔ ይህን አላልሁሽም።»

ቤቷ ገብታ ደብተሩን ቅጠል በቅጠል ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። አባቷ ከበሩ ቆሞ ያያል። ቅዳሜ የነበረው ፊቱ አልነበረም። «ሁሉንም አቃጥዪው» አላት።

ረቡዕ ተጠራች። ያናገራት ሰው ጓድ አካሉ ይባላል። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ ወንበር ራሱ ሳበላት።

«ጎበዝ ዘጋቢ ነሽ» አለ። «እኛ እዚያ ዳርቻ ሁለት ዓመት ሰው አስቀምጠን ያላየነውን አንቺ በሦስት ወር አየሽ። ዜናሽ ትክክል ነው?»

ሌሊቱን ስታስብበት ያደረችው ጥያቄ ነበር። «አይደለም» አለች። «ዋሽቻለሁ። ቁጥሩን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እንዲነበብልኝ ብዬ ነው። አሥራ አምስት ብቻ ናቸው።»

ጓድ አካሉ አልተቆጣም። የሚያዝን መሰለ። «እኔም እንዲያ ትያለሽ ብዬ ነበር። ሽማግሌውን አስቀድመን ጠይቀናቸዋል። ልጅቱ ተሳስታለች ቢሉን ኖሮ እኔ በበኩሌ አምኜ እለቃቸው ነበር። ታውቂያለሽ ምን እንዳሉ? ‹ልጅቱ አትዋሽም፤ አርባ ሁለት ካለች አርባ ሁለት ነው።› ሐሰተኛ ተብለሽ እንዳትቀጪ ነው መሰለኝ። እሳቸው ላንቺ ብለው፣ አንቺ ለእሳቸው ብለሽ። እኔስ ምን ላድርግ?»

ሸዋዬ ልትነሣ ወንበሩን ገፋች።

«ደብተርሽን አምጪ አልልሽም፤ መቼም እስካሁን አቃጥለሽዋል። ግን መስክሽን እንዳትለቂ። ሰዉ ለምዶሻል። በየቀኑ ትወርጃለሽ፤ ዓርብ ዓርብ መጥተሽ ያየሽውን ትነግሪኛለሽ። አባትሽ ፋብሪካ ነው የሚሠራው አይደል?»

«አዎ።»

«ጥሩ ሥራ ነው» አለ ጓድ አካሉ። ተነሥቶም ሸኛት።

በማግሥቱ ሸዋዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረደች፤ ድንጋዩ ላይ ግን አልተቀመጠችም። መረብ ወደሚጠግኑት ሄደች፤ አንዱን ለብቻው ባገኘችው ጊዜ ስሙን ጠርታ፣ «ከእንግዲህ አያናግሩኝ። የላኩኝ ሰዎች አሉ። ሰላምታም አይስጡኝ» አለችው። ዓሣ ዘልዛይዋን ጓዳዋ ድረስ ሄዳ ነገረቻት። ማን በስንት ሰዓት የት እንደሚገኝ ታውቅ ስለነበር ማንንም አልሳተችም። መስኩን ለመያዝ አራት ወር ፈጅቶባታል። ለማፍረስ ሁለት ቀን በቃት። መጨረሻ ጀሊላ ዘንድ ሄደች።

«ለሁሉም ነግሬያለሁ። አንቺም እንዳታናግሪኝ።»

«ድሮስ መች ላናግርሽ ነበር» አለች ጀሊላ።

ዓርብ ሲመጣ ጓድ አካሉ «ምን አለ?» ይላታል። «የሚያናግረኝ የለም» ትላለች። እውነት ነበር። ይጽፈዋል። በሚቀጥለው ዓርብም እንዲሁ። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች፤ ሰዉ ግንድ እንደሚያልፍ ያልፋታል። እሷ ራሷ ያዘዘችው ቢሆንም የዓሣ ዘልዛይዋ ፊት ሲዞርባት ዓይኗን ወደ ሐይቁ ትመልስ ነበር። መምህር ወልደ ሐዋርያት ዜና አልጠየቋትም። ሐይቅ ዳር ከዜናው ዝርዝር ወጣ።

ጀሊላ በየቀኑ ረፋድ ላይ ለአባቷ ስንቅ ታመላልሳለች። በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን ይዛ እስር ቤቱ በር ትቆማለች፤ ባዶ ሳህን ይዛ ትመለሳለች። የትናንቱ ሳህን ባዶ ከተመለሰ ሰውዬው በልቷል፤ ስለዚህ በሕይወት አለ። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ እንዲህ ሄደ።

ግንቦት ላይ አንድ ዓርብ ሸዋዬ ወደ ጓድ አካሉ ቢሮ ስትሄድ ጀሊላ መንገድ ላይ ቆማ አገኘቻት። ሳህኑ በእጇ ነው፤ ቋጠሮው አልተፈታም።

«አታናግሪኝ ብዬሽ ነበር» አለች ሸዋዬ።

«አዛውረናቸዋል አሉኝ። ወዴት ስላቸው የሚመልስልኝ አጣሁ። ሦስተኛ ቀኔ ነው።» ከንፈሯ ደርቋል። «አንቺ ትገቢያለሽ አይደል? ጠይቂልኝ። በሕይወት ካሉ አሉ ይበሉኝ። ከሌሉም ለቅሶ ልቀመጥላቸው። ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል? ላልቅስ ወይስ ስንቅ ልቋጥር?»

ሸዋዬ ገባች። ጓድ አካሉ እንደወትሮው ወንበር ሳበላት።

«ምን አለ?»

«ሙሀመድየሱፍ ወዴት ተዛወሩ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በአራት ወር ውስጥ እሷ ስትጠይቀው ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ደስም ያለው ይመስላል። «እነግርሻለሁ» አለ። «ያሉበትን አውቃለሁ። ልጃቸው እንድታያቸውም ላደርግ እችል ይሆናል። አንቺም አንድ ነገር ንገሪኝ። ብዙ አልጠይቅሽም። ከአርባ ሁለቱ የአንዱን ስም ብቻ።»

ሸዋዬ ጉልበቷ ላይ የተጣመሩ እጆቿን አየች። ደብተሩ ተቃጥሏል፤ ቢያዝን ግን ጆንያውን ተሸክሞ ፊቷ ቆሟል። አክስቱ ዘጌ እንደሆነች ታውቃለች። እናቱ የት ሰፈር እንደሚኖሩም ታውቃለች። ጀሊላ ውጭ እንደቆመች ታውቃለች። ጓድ አካሉ አላስቸኮላትም፤ ሰዓቱንም አላየም።

«አላውቅም» አለች በመጨረሻ።

«አስቢበት።»

«አስቤበታለሁ። የማንንም ስም አላውቅም።»

«እንግዲያው እኔም አላውቅም» አለ ጓድ አካሉ። እስክሪብቶውን አነሣ።

ስትወጣ ጀሊላ ከቅድሙ ቦታ አልተነቃነቀችም። ፀሐዩ ከብዶ ነበር። ሳህኑን እግሯ አጠገብ መሬት ላይ አስቀምጣዋለች።

«ምን አሉሽ?»

«አናውቅም አሉኝ።»

ጀሊላ ፊቷን አተኩራ አየቻት። «ስም ጠየቁሽ?»

ሸዋዬ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ሰጠሽ?»

«አልሰጠሁም።»

ጀሊላ ወደ ቢሮው መስኮት ቀና ብላ አየች። ልትጮህ መስሏት ሸዋዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ጀሊላ ግን ጎንበስ ብላ ሳህኑን አነሣች፤ ቋጠሮውን በእጇ ደባበሰችው፤ ገና ሙቀቱ አልወጣለትም።

«ሂጂ» አለች። «እዚህ አብረን አይዩን።»

ሸዋዬ በገበያው በኩል ሄደች። ጀሊላ በሐይቁ በኩል ሄደች።